ፋብሪካው ወዴት ሄደ?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሩቅ አገር ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቻችንን በቅርብ የሚነካ ጉዳይ ስለሆነ በትዕግሥት እንድታነቡት እንጠይቃለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተነሣው በማታው የእንግሊዝኛ ክፍል ነው። ስለ ሥራ ዓይነቶች ስንማር አንድ ተማሪዬ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ እኔ ይህን ሁሉ ሰዋስው ምን ያደርግልኛል? አጎቴ አሜሪካ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። እኔም ዕድሉ ከመጣልኝ ፋብሪካ እገባለሁ። ፋብሪካ ደግሞ እጅ እንጂ አፍ አይፈልግም» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ ወደዚህ ካምፕ በመጣሁበት ዓመት የማስበው ይህንኑ ነበር። የአብዛኞቻችን ቤት ግድግዳ ላይ ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ የፕላስቲክ ቆብ ያጠለቀ የአንድ ዘመድ ፎቶግራፍ ተለጥፎ ይገኛል። ከፎቶግራፉ በስተጀርባ ያለውን ነገር ጠይቀን አናውቅም።

በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት ስደተኞችን የሚቀበልበትን ፕሮግራም ሲያቆም ፋይላችን መንገድ ላይ የቀረብን ብዙዎች ነን። እንግዲህ በዚህ የመጠበቅ ጊዜ የምንጠብቀው ነገር ምን እንደሚመስል ማወቁ አይጎዳም ብዬ፣ ያገኘሁትን አንብቤ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። አገሩ ሰፊ ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ከአንዲት ከተማ እንጀምር።

ያንግስታውን

ያንግስታውን በኦሃዮ ግዛት በማሆኒንግ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የብረት ማቅለጫ ከተማ ነበረች። ወንዙን ተከትለው የተደረደሩት እቶኖች ቀንና ሌሊት ይነዱ ስለነበር ሌሊት ሰማዩ ቀልቶ ይታይ ነበር ይባላል። በ1930 የሕዝቧ ብዛት 170 ሺህ ያህል ደርሶ ነበር።

ሠራተኞቹስ እነማን ነበሩ? አብዛኞቹ እንደ እኛው አገራቸውን ጥለው የመጡ ሰዎች ነበሩ። ስሎቫኮች፣ ጣሊያኖች፣ ፖላንዶች፣ ሃንጋሪዎች፣ ከአሜሪካ ደቡብ የፈለሱ ጥቁሮች፣ በኋላም የፖርቶ ሪኮ ሰዎች ነበሩባት። ብዙዎቹ ሲመጡ እንግሊዝኛ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ተማሪዬ «እጅ እንጂ አፍ አይፈልግም» ያለው ነገር በዚያ ዘመንና በዚያ ከተማ ሐሰት አልነበረም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ በሉ። የፋብሪካ ሥራ ጥሩ ደመወዝ ይዞ አልተወለደም። መጀመሪያ ላይ ሥራው ረጅም፣ አደገኛ፣ ክፍያውም አነስተኛ ነበር። በ1937 የብረት ሠራተኞች ማኅበራቸው እንዲታወቅላቸው አድማ በመቱ ጊዜ በቺካጎም በያንግስታውንም ሰው ሞቷል። ማኅበሩ ከታወቀ በኋላ ነው ደመወዝ፣ ሕክምናና ጡረታ በውል የተጻፈው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንኳ ያልጨረሰ ወዛደር ቤት ገዝቶ፣ መኪና ይዞ፣ ልጆቹን ኮሌጅ መላክ የቻለው በዚህ መንገድ ነው። አጎቶቻችን ሰምተው የነገሩን አሜሪካ ይኸኛው ዘመን ነው።

መስከረም 19 ቀን 1977፣ ዕለቱ ሰኞ፣ ያንግስታውን ሺት ኤንድ ቲዩብ የተባለው ኩባንያ ካምቤል በተባለው ሠፈር ያለውን ታላቁን ፋብሪካ አብዛኛውን ክፍል እንደሚዘጋ አስታወቀ። አምስት ሺህ ያህል ሰው ሥራ አጣ። ኩባንያው ሠራተኞቹን አስቀድሞ እንዲያስጠነቅቅ የሚያስገድድ ሕግ በጊዜው አልነበረም። መቶና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ከመዝጋቱ 60 ቀን በፊት እንዲያሳውቅ የሚያዘው የአገሪቱ ሕግ የወጣው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1988 ነው። የከተማው ሰው ያን ቀን እስከ ዛሬ «ጥቁር ሰኞ» ይለዋል።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ1979 ብራየር ሂል የተባለው ሁለተኛው ፋብሪካ ተዘጋ። በ1980 ደግሞ የዩኤስ ስቲል ፋብሪካ ተከተለ። የከተማይቱ የሃይማኖት መሪዎች ከሠራተኞቹ ጋር ሆነው የካምቤሉን ፋብሪካ ገዝተው ራሳቸው ሊያሠሩት ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምረው ነበር። የቀረውን ገንዘብ ለመበደር የመንግሥት ዋስትና ቢጠይቁ፣ የፕሬዚዳንት ካርተር መንግሥት በ1979 አልሰጥም አለ። ይህን ሳነብ አዘንሁ። እኛ ሰው ሲቸገር ዕቁብና ዕድር እናዋጣለን፤ እነርሱም የሞከሩት ያንኑ ነበር። ለእቶን የሚበቃ ዕቁብ ግን በሠፈር ሰው አይሞላም።

ማን ወሰደው?

ሥራው ሲጠፋ በአሜሪካ የሚሰማው ወሬ «ባዕዳን ወሰዱብን» የሚል ነው። ከእኛ መካከል እዚያ የደረሱ ይህ ቃል በፊታቸው ሲነገር ሰምተዋል። ስለዚህ በትክክል ማወቅ ይኖርብናል።

መጀመሪያ ባለቤቱን እንይ። የያንግስታውኑን ኩባንያ በ1969 ላይክስ የተባለ በመርከብ ሥራ የሚታወቅ የኒው ኦርሊንስ ኩባንያ በከባድ ብድር ገዝቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከፋብሪካው የወጣው ገንዘብ ዕዳ ሲከፍል፣ እቶኖቹን ለማደስ የዋለው ግን ጥቂት ነበር። ላም እያለቡ ሣር መከልከል ማለት ነው። ጃፓንና ጀርመን ከጦርነቱ በኋላ አዳዲስ እቶን ሲሠሩ፣ በያንግስታውን ግን የሚሠራው በአያቶች ዕቃ ነበር። ፋብሪካው በተዘጋ ጊዜ ሰዉ ጣቱን የቀሰረው በጃፓን ላይ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ወቀሳው ወደ ባለቤቱም መዞር ነበረበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ማሽን ነው። እዚህ ላይ አንድ ቃል እንማር፤ «ምርታማነት» የሚባለው። አንድ ሠራተኛ በአንድ ሰዓት የሚያወጣው የምርት መጠን ማለት ነው። ሁለት እናቶች ለአንድ ምግብ ቤት በእንጨት ምድጃ እያንዳንዳቸው በሰዓት 20 እንጀራ ይጋግሩ ነበር እንበል። ባለቤቱ በሰዓት 40 የሚያስጋግር የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢያመጣና የሚበላው ሰው ቁጥር ባይጨምር፣ አንደኛዋ እናት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሥራዋን ማንም ባዕድ አልወሰደባትም። እንጀራውም አልጎደለም።

በብረት የሆነው ይህ ነው። በ1980 ገደማ በአሜሪካ አንድ ቶን ብረት ለማውጣት 10 ያህል የሰው የሥራ ሰዓት ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ሁለት ሰዓት አይሞላም። እስቲ በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን የሚያወጣ ፋብሪካ እናስብ። አንድ ሠራተኛ በዓመት 2,000 ሰዓት ይሠራል እንበል። በአሥር ሰዓቱ ስሌት 10 ሚሊዮን የሥራ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ይህ ለ2,000 ሲካፈል 5,000 ሠራተኛ ይሆናል። በሁለት ሰዓቱ ስሌት ግን 1,000 ሰው ይበቃል። እንግዲህ ያ ጥቁር ሰኞ ባይመጣ እንኳ፣ ከዚያው ፋብሪካ ከአምስት ሰዎች አራቱ ቀስ በቀስ በወጡ ነበር። ይህ የእኔ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ከ1962 እስከ 2005 የአሜሪካ የብረት ኢንዱስትሪ 400 ሺህ ያህል ሠራተኞች፣ ማለትም ከአራቱ ሦስቱን እጅ ሲያጣ፣ ያወጣው የብረት መጠን ግን መጀመሪያ ከነበረው እምብዛም አልተለየም።

ለውጡን ካመጡት ነገሮች ዋናው በኤሌክትሪክ የሚሠራ አነስተኛ ማቅለጫ ነው። አሮጌው ፋብሪካ የብረት አፈርና የድንጋይ ከሰል አቃጥሎ ነበር ብረት የሚያወጣው። አዲሱ ግን የሚያቀልጠው ቁርጥራጭ ብረት ነው። በአገራችን «ቁራሌው!» እያለ በየሠፈሩ የሚዞረው ሰው የሚሰበስበውን ዓይነት ማለት ነው። ዛሬ ከአሜሪካ ብረት አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ፋብሪካዎቹም የተተከሉት ብዙ ጊዜ የሠራተኛ ማኅበር ባልጠነከረባቸው ግዛቶች ነው።

ሦስተኛው ንግድ ነው። እዚህ ካምፓችን ውስጥ ቢሮና መጋዘን ሆኖ የምናየውን የብረት ሣጥን፣ ኮንቴይነሩን፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1956 ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ ባለ ካሚዮን ዕቃን በየፍሬው በተሸካሚ ከመጫን ይልቅ ሣጥኑን ከነዕቃው ወደ መርከብ ማውጣት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ዕቃን ከእስያ ወደ አሜሪካ ማጓጓዝ ርካሽ ሆነ። ጃንጥላውን ከምናጠልለት ከዚያ ሣጥን ይህን ያህል ነገር ይወጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

በ1994 አሜሪካ ከሜክሲኮና ከካናዳ ጋር ያደረገችው የንግድ ውል በሥራ ላይ ዋለ። በታኅሣሥ 2001 ቻይና የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ሆነች። የልብስ፣ የጫማ፣ የቤት ዕቃና የአሻንጉሊት ፋብሪካዎች የተመቱት በተለይ ከዚህ በኋላ ነው። አምስት የኢኮኖሚ ምሁራን በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ከ1999 እስከ 2011 ከቻይና በመጣ ዕቃ ምክንያት አሜሪካ ከ2 እስከ 2.4 ሚሊዮን የሚደርስ ሥራ እንዳጣች ገምተዋል። በዚህ ቁጥር ውስጥ የፋብሪካው ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን ለፋብሪካው ዕቃ የሚያቀርበውና ሠራተኛው ይገዛው የነበረው ባለ ሱቅም አሉበት።

ጠቅላላውን ስናየው፣ በ1979 አጋማሽ በአሜሪካ ፋብሪካዎች 19 ሚሊዮን ተኩል ሰው ይሠራ ነበር። በ2000 ቁጥሩ 17 ሚሊዮን ያህል ሆነ። በ2010 መጀመሪያ 11 ሚሊዮን ተኩል ላይ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ አንሠራርቶ ከ12 እስከ 13 ሚሊዮን መካከል ይዋልላል። በ1979 ከመቶ ሠራተኛ 22ቱ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ዛሬ 8 ያህል ቢሆን ነው። ፋብሪካዎቹ የሚያወጡት ምርት ግን ከ1979 ዛሬ ይበልጣል። ስለዚህ «አሜሪካ ፋብሪካ የላትም» የሚለውም ስሕተት ነው። ፋብሪካ አላት፤ በውስጡ ያለው ሰው ግን ቀንሷል።

ወደ እኛም መጥቶ ነበር

ከዚያ የለቀቀው ፋብሪካ ወዴት ሄደ ስንል ብዙውን ጊዜ መልሱ ቻይና፣ ባንግላዴሽ፣ ቬትናም ነው። ለጥቂት ዓመታት ግን ከመልሶቹ አንዱ ኢትዮጵያ ነበረች። በሐምሌ 2016 የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ፣ ፒቪኤች የተባለው ታላቅ የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ ገባበት። ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ተቀጠሩ። በ2019 ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት በፓርኩ መነሻው ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፏል። በያንግስታውን የአንድ ወዛደር ደመወዝ ቤተሰብ ያስተዳድር ነበር፤ በሐዋሳ ግን ልጅቷ የቤት ኪራይና ምግቧን ከከፈለች በኋላ የሚተርፋት አልነበረም።

በኅዳር 2021 በጦርነቱ ምክንያት ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ዕቃ ከምታስገባበት አጎአ ከተባለው ዕድል ተሰረዘች። የያንግስታውን ሰው ስሙን የማያውቃቸው ሴቶች እንደ እርሱ ከሥራ ወጡ። ጦርነቱን ያላወጀችው ልጅ መቀጣቷ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ሰዎቹስ ምን ሆኑ?

ብዙ ጊዜ የሚነገረው ቁጥር ስለ ፋብሪካው ነው፤ ስለ ሰውየው ግን ጥቂት ነው የሚባለው። በ1993 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፔንሲልቫኒያ ግዛት ከሥራ የወጡ ነባር ሠራተኞችን ተከታትሎ ነበር። ሌላ ሥራ ካገኙም በኋላ፣ ከአምስት ስድስት ዓመት ቆይቶ እንኳ፣ ገቢያቸው ሥራው ባይጠፋ ኖሮ ያገኙት ከነበረው በ25 ከመቶ ያህል አንሶ ተገኘ። ለምን? ሃያ ዓመት አንድ እቶን ላይ የሠራ ሰው እሳቱን በዓይኑ አይቶ ሙቀቱን ይለያል። ያ ዕውቀት ከባድ ዕውቀት ነው። ነገር ግን በእቶኑ ዙሪያ እንጂ በሌላ ቦታ ገበያ የለውም። ወረቀትም አልተሰጠበትም። ከእኛ መካከል በአገሩ ባለሙያ የነበረና እዚህ ሲመጣ ሙያው በማንም መዝገብ ያልተጻፈለት ሰው ይህን ከማንም በላይ ይረዳል።

መንግሥት በውጭ ንግድ ምክንያት ሥራ ላጡ ሰዎች የሥልጠና ድጋፍ ያደርግ ነበር። ከ1962 የጀመረው ይህ ፕሮግራም ሳይታደስ ቀርቶ ከሐምሌ 2022 ወዲህ አዲስ ሰው መቀበል አቁሟል። «ሌላ ከተማ አይሄዱም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ወጣቶቹ ሄዱ። ቤት የገዛው ግን ቤቱን ማን ይግዛው? ፋብሪካ በሌለበት ከተማ ቤት የሚሸጥ እንጂ የሚገዛ የለም። የያንግስታውን ሕዝብ በ2020 ቆጠራ 60 ሺህ ሆኖ ተገኘ። ባዶ የቀሩት ቤቶች ሌባና እሳት እየበላቸው ሲሄዱ ማዘጋጃ ቤቱ ማፍረስ ያዘ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ከተማይቱ የመጣው ትልቅ አዲስ ሥራ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? እስር ቤት ነው። በ1997 አንድ የግል፣ በ1998 ደግሞ አንድ የግዛቱ መንግሥት እስር ቤት ተከፈቱ።

የአጎትየው ፋብሪካ

አሁን ወደ ተማሪዬ እንመለስ። አጎቱ የሚሠራው በሥጋ ፋብሪካ ነው። ከብቱ ያለው አሜሪካ ውስጥ ስለሆነ የሥጋ ፋብሪካ እንደ ልብስ ስፌት በቀላሉ ባሕር አይሻገርም። ታዲያ በዚህ ሥራ የጠፋው ሌላ ነገር ነው። እስከ 1970ዎቹ ድረስ የሥጋ ፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ ከሌሎች ፋብሪካዎች አያንስም ነበር። ፋብሪካዎቹ እንደ ቺካጎ ካሉ ትልልቅ ከተሞች ወጥተው ከብቱ ወዳለበት ገጠር ሄዱ። የቺካጎው ታላቅ የከብት በረት በ1971 ተዘጋ። የሥጋ ቆራጩ ሙያም ተከፋፈለ። አንዱ ቀኑን ሙሉ ትከሻውን ብቻ፣ ሌላው ጎኑን ብቻ ይቆርጣል። እንዲህ የሆነ ሥራ አዲስ ሰው በጥቂት ቀን ይለምደዋል፤ በጥቂት ቀን የሚለመድ ሥራ ያለው ሰው ደግሞ በጥቂት ቀን ይተካል። በ1985 በሚኔሶታ ግዛት በኦስቲን ከተማ የሆርሜል ፋብሪካ ሠራተኞች ደመወዛቸው መቀነሱን ተቃውመው አድማ ሲመቱ፣ ኩባንያው በ1986 ሌሎች ቀጥሮ ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ ዘመን ወዲህ በነዚህ ፋብሪካዎች ሰፊውን ቦታ የያዙት ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ፣ ቆየት ብሎም ከሶማሊያ፣ ከሱዳን፣ ከበርማና ከአገራችን የመጡ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ እዚያ የደረሰ ወገናችን የማንንም ሥራ አልቀማም። የቆመው ደመወዙ ከወረደ በኋላ ሌላው ትቶት በሄደው ቦታ ነው። ሆኖም የያንግስታውን ሰው ልጅ ይህን ሁሉ ታሪክ አያውቅም። የሚያየው የአባቱ ቤት መፍረሱን፣ የእኛን ሰው ደግሞ በፋብሪካ በር ሲገባ ነው። ቢቆጣ አይገርምም። ቁጣው የሚያርፍበት ቦታ ነው የተሳሳተው።

ተማሪዬ ከዚያ ትምህርት በኋላ አጎቱን በስልክ ጠይቆት ነበር። የነገረውን ለክፍሉ እንዲያካፍል ፈቀደልን። አጎቱ ዘጠኝ ዓመት በዚያው መስመር ላይ ቆሟል። ጠዋት ሲነሣ ጣቶቹ በሙቅ ውኃ ካልተዘፈዘፉ አይታጠፉም። የማሽን ጥገና ክፍል ውስጥ የተሻለ ደመወዝ ያለው ቦታ ተከፍቶ ነበር፤ የጽሑፍ ፈተና ስላለው አልሞከረም። «ግን» አለ አጎትየው፣ «በዚህ ደመወዝ ሁለት እኅቶችህን አስተምሬያለሁ፤ ለአስተማሪህ እንዳያስፈራራህ ንገረው»። ክፍሉ እንደገና ሳቀ። እኔ ግን ሰውየው ሁለቱንም እውነት ነው የተናገረው እላለሁ።

ለጥናት ቡድኖች የሚሆን ሥራ

የሚከተለውን በየቡድናችሁ ሠርታችሁ ሐሙስ ማታ ይዛችሁ ኑ። አንድ የጫማ ፋብሪካ በዓመት 600,000 ጥንድ ጫማ ያወጣል። አንድ ጥንድ ለመሥራት ሁለት የሥራ ሰዓት ይወስድ ነበር፤ በአዲስ ማሽን ግን ግማሽ ሰዓት ብቻ ሆነ። ሠራተኛው በዓመት 2,000 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ስንት ሰው ከሥራ ይወጣል? ባለቤቱ ማንንም ሳያስወጣ መቀጠል ቢፈልግ በዓመት ስንት ጥንድ መሸጥ ይኖርበታል? ደግሞም እያንዳንዳችሁ የምትችሉትን አንድ ሙያ ጻፉ፤ ከጎኑም ያ ሙያ ያለ አንድ የተወሰነ ማሽን ወይም ያለ አንድ የተወሰነ ቀጣሪ ይሠራ እንደሆነና እንዳልሆነ ጻፉበት። ለሁለተኛው ጥያቄ ልክ ወይም ስሕተት የሚባል መልስ የለም። የመጀመሪያው መልስ በክፍላችን በር ላይ ይለጠፋል።

የኤሌክትሪክ ሥራ ሥልጠና ምዝገባ እስከዚህ ወር መጨረሻ ክፍት ነው። ጥያቄ ያላችሁ ከማታው ክፍል በኋላ ታገኙኛላችሁ።